የኤሌክትሮን ትራንስፖርት በዝቅተኛ ረዳቶች

ከሚዛን ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ አመሻሽ ላይ፣ አባዬ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈተሸው። አንዴ ብቻውን፣ አንዴ እኔን አጠገቡ አቁሞ፣ አንዴ ደግሞ የጸሎት ቤት ሰዎች ሊሸኙኝ መጥተው ሳሎን ተቀምጠው እያሉ። የሚያውቁት አልገረማቸውም። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሚዛንና በቴፒ መካከል ባለው መንገድ የቡና ኬላ ላይ ፈታሽ ነበር። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ሲያይ ከሙዙ ሥር ቡና አለ ብሎ የሚነሳ፣ አስከሬን ይዞ የሚሄድ መኪና እንኳ "እስቲ ክፈቱት" ብሎ ለቀስተኛ ያስቀየመ ሰው ነው። እኔም የዚያ ሰው ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ያደረግኩትን ስትሰሙ "ምን ነክቷት ነው" እንዳትሉኝ ነው።

እርግጥ ለጥርጣሬው ምክንያት ነበረው። ከሠፈራችን ሁለት ልጆች "ለትምህርት" ተብለው ወጥተው፣ በኋላ ዓረብ አገር ሰው ቤት ምግብ ሲያበስሉ ነው የተገኙት። እነሱንም የወሰዳቸው ደላላ የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበረው። ስለዚህ እኔን አንድ የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት እንደተቀበለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲመጣ፣ አባዬ ምንም ሳይነግረኝ ከመሳቢያዬ አውጥቶ አማን ከተማ አንድ ትርጉም ቤት ወሰደው። ማታ ክብ ማኅተም የተመታበት የአማርኛ ወረቀት ይዞ መጣ። እንዲህ ይላል፦ "በሙከራ ላይ ላለው የኤሌክትሮን ትራንስፖርት በዝቅተኛ ረዳቶች ሥራ ተቀብለንዎታል።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍን ነገር በእንግሊዝኛ ኮንዳክተር ይሉታል፤ የአውቶቡስ ረዳትንም ኮንዳክተር ይሉታል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ሲከፍት ረዳቱን አገኘና እዚያው አቆመ። የእኔ ሥራ እጅግ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚሄድ መለካት ነው። ይህን ለአባዬ ለማስረዳት የሞከርኩት በሸኚዎቹ ፊት ነው።

"ኤሌክትሮን ማን ነው?" አለኝ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ።

"ሰው አይደለም አባዬ። በሽቦ ውስጥ የሚሄድ ነገር ነው።"

"ነገር ነው። እሺ፣ ከየት ወዴት ነው የሚያጓጉዙት?"

"ከሽቦው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ።"

"መሸኛ አለው?"

መሸኛ ማለት ለማያውቅ፣ ቡና ከወረዳ ሲወጣ አብሮት የሚሄድ የፈቃድ ወረቀት ነው። የለውም አልኩት። አባዬ ወደ ሸኚዎቹ ዞረ።

"ሰማችሁ? መሸኛ የሌለው ጭነት፣ በሙከራ ላይ ያለ ድርጅት፣ ዝቅተኛ ረዳት። ልጄ እኮ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ረዳትነት ከፈለገች እዚሁ መናኸሪያ የለም እንዴ?"

እማዬ ከጓዳ "ተዋት እንጂ፣ ልጅቷን አታሳፍራት" አለች። ሰዎቹ ሳቁ፣ ጸለዩልኝ፣ ወጡ። አባዬ አልሳቀም። በማግስቱ ንጋት ላይ መናኸሪያ ሲሸኘኝ የአውቶቡሱን ታርጋ በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል እንዲህ አለኝ፦ "በእርግጥ የምትማሪ ከሆነ የታተመ ነገር ላኪልኝ። ስምሽ ከነስሜ ያለበት። ማኅተም አላልኩም፣ የታተመ ነው ያልኩት። እስከዚያ አላምንሽም።" ቦንጋ እስክንደርስ ድረስ አለቀስኩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ተናደድኩበት።

ሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ የአባዬን ባልደረባ አገኘሁት። ሰውዬው ፊንላንዳዊ የጉምሩክ ፈታሽ ነው፣ ዓይኑ ግን የኬላ ዓይን ነው። ከሻንጣዬ እማዬ የቋጠረችልኝን የደረቀ የቡና ቅጠል አወጣ። የእኛ አገር ሰው ታውቁታላችሁ፣ ለጨሞ ነው፤ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተወቅጦ የሚፈላው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የቡና ቅጠል።"

"ቡና ፍሬ ነው" አለኝ ረጋ ብሎ፣ እንደሚያርመኝ።

"ፍሬው ዛፍ ላይ ነው የሚያፈራው። ዛፉ ቅጠል አለው።"

አሰበበት። "በቀን ስድስት ሲኒ እጠጣለሁ። ስለ ቅጠል ሰምቼ አላውቅም። ይታኘካል?"

"ይጠጣል።"

"ቅጠሉን ከጠጣችሁ ፍሬውን ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ለእናንተ እንልከዋለን።"

ቅጠሉን ወስዶ ደረሰኝ ሰጠኝ። ደረሰኙ ላይ "ምንነቱ ያልታወቀ ዕፅ" ይላል። እንግዲህ ወደ አገራቸው የገባሁት እንዲህ ሆኜ ነው፤ መዝገባቸው ላይ ካልታወቀ ዕፅ ጋር።

ቡናቸውን በሁለተኛው ቀን ቀመስኩት። አልተቆላም፤ እሳት አይቶ የተመለሰ ነው። ድንቹን ጎደሬ ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬ አልሆነም። በረዶውን ደግሞ እስከዛሬ አልወደድኩትም። የሚዛን ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መጣሁ እያለ ነው። በረዶ ድምፅ የለውም። ተኝተሽ ትነሺና ሁሉን ሸፍኖ ታገኚዋለሽ፤ እንዲህ ተደብቆ የሚመጣ ነገር አላምንም። ሰዎቹም እንደዚያው ናቸው፣ ዝም። አንድ ቃል ብቻ አላቸው፣ "ኖ ኒን" የሚሉት። ሥራ ሲጀመርም ኖ ኒን፣ ሲያልቅም ኖ ኒን፣ ሰው ሲሞትም ኖ ኒን። እንደኛ "እንግዲህ" ነው፤ ልዩነቱ እኛ ከእንግዲህ በኋላ ሌላ ነገር እንናገራለን።

ቤት ያከራየችኝ ባልቴት ወይዘሮ ኪርስቲ ትባላለች። ከላይ እሷ፣ ከታች እኔ። እኔ እንዳደግኩት በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት ወይ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ፣ ልጅዎ ደህና ነው" እላታለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ እየቀነሰች እየቀነሰች መለሰችልኝ። በስምንተኛው ቀን በሬን አንኳኳች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ።"

"ይጠይቁኝ።"

"ስለ ጤንነቴ በየቀኑ የምትመረምሪኝ ልጄ ልኮሽ ነው? ይህን ቤት አስለቅቆ የአረጋውያን መጦሪያ ሊያስገባኝ እንደሚፈልግ አውቃለሁ።"

"ኧረ በፍጹም። እኛ አገር ሰላምታ ነው።"

"ስለ ጉልበት መጠየቅ?"

"ጉልበት ካለ ጉልበት፣ ከብት ካለ ከብት።"

አላመነችኝም። ለሁለት ዓመት ያህል ሳያት "ሞይ" ብቻ እያልኩ ኖርኩ፤ ሞይ ማለት ሰላም ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። እሷም ቀስ በቀስ ልጇ እንዳልላከኝ አመነች። በኋላ እኔ ስታመም ሾርባ ሠርታ ደጃፌ ላይ አስቀምጣ፣ ሳታንኳኳ ሄዳለች።

ፕሮፌሰሬ ፔካ ይባላል። ሽበታም፣ የተከበረ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን "ፔካ በይኝ" አለኝ። እንዴት ብዬ? አራት ወር ሙሉ ምንም ሳልጠራው ኖርኩ፤ ስፈልገው ሄጄ ፊቱ እቆማለሁ። ሰዎች ደግሞ እኔን የሚጠሩኝ በአባዬ ስም ነው፣ "ሚስ ማሞ" እያሉ። በጠሩኝ ቁጥር አባዬ ለፍተሻ የመጣ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠለ በርሜል የሚያህል ማቀዝቀዣ አለ። ውስጡ ከማንኛውም ዋልታ የበለጠ፣ ከሰማዩ ጨለማ እንኳ የበለጠ ይበርዳል። እዚያ ውስጥ ከፀጉር አንድ ሺህ ጊዜ የምትቀጥን ሽቦ አስቀምጠን ኤሌክትሮን እናሳልፍባታለን። ከሽቦዋ ሥር እንደ በር የሚያገለግል ብረት አለ፤ በኤሌክትሪክ እየጫንነው መንገዱን እናጠባለን፣ እናሰፋለን። ይህንን ለአባዬ በስልክ ለማስረዳት አንድ እሑድ ሙሉ ፈጀሁ።

"አባዬ፣ የመናኸሪያው በር ጠባብ ነው እንበል። ሰው በአንድ ረድፍ ብቻ ይወጣል። በሩን ትንሽ ብታሰፋው ምንም አይጨምርም። ሁለተኛ ረድፍ የሚያሳልፍ ስፋት ሲኖረው ነው በአንዴ ሁለት የሚሆነው። ከዚያ ሦስት። አንድ ተኩል የሚባል የለም።"

"መናኸሪያ ሰው እንደዚያ አይወጣም። ይጋፋል።"

"ኤሌክትሮን በጣም ሲበርደው አይጋፋም።"

"ፊንላንዶች ናቸው በይኛ።" ከዚያ "ለዚህ ነው ፍሪጅ ውስጥ የምታስገቢው?" አለኝ።

"አዎ፣ ለዚህ ነው።"

"ፍሪጁ የማን ቤት ነው?"

አባዬ አሁንም ሰው ቤት የገባሁ ይመስለዋል። በማግስቱ በቪዲዮ ደውዬ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ አሳየሁት። ውስጡ ብርዱ በደንብ እንዲተላለፍ ተብሎ በወርቅ በተለበጡ የመዳብ ሳህኖች የተሞላ ነው። አባዬ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "ወርቅ ጣሪያው ላይ የሚሰቅል ሰው ቤት ነው ያለሽው" አለና ለእማዬ ሰጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፦ "ወረቀቱ ታተመ?"

በአራተኛው ክረምት ሊታተም ደረሰ። አንዲት ሽቦ፣ ከአንደኛው ረድፍ በኋላ ወደ ሁለተኛው ከመዝለሏ በፊት፣ መሃል ላይ ቆመች። አንድ ተኩል። መስመሩ ኮምፒውተሩ ላይ ልሙጥ ሆኖ ተዘረጋ። የለም ብዬ ለአባዬ የማልኩለት ነገር ነው። በሒሳብ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል ብለው የጻፉ ሰዎች አሉ፤ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ፔካ ኬክ ገዛ። አንድም ቀን ሲስቅ ያላየሁት ቴክኒሺያን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጽሑፉ ተረቀቀ፤ የመጀመሪያው ስም የእኔ፣ ቀጥሎ የአባዬ ስም። ያንን ገጽ አትሜ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም።

ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሥራ ሁለት ሽቦ ለክተናል፣ አሥራ አንዱ እንደ ሥርዓቱ ነው፣ ይቺ ብቻ ለምን? ሽቦዋ አጠገብ የተጣበቀ ትንሽ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ ይዞ መንገዱን ቢያዛባ ልክ ይህን ግማሽ ሊያስመስል ይችላል። ለማወቅ አንድ መንገድ አለ። ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ሽቦዋን ማሞቅ፣ ከዚያ እንደገና ማቀዝቀዝ። ቆሻሻ ከሆነ ሲሞቅ ቦታውን ይለቃል፣ ግማሹም ይጠፋል። የራሷ የሽቦዋ ከሆነ ይመለሳል። አደጋም አለው፤ እነዚህ ሽቦዎች ሲሞቁ ይለጠጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ፤ አንዳንዴ ይበጠሳሉ። እንዲህ ያለች ሽቦ ደግሞ ያለችን አንድ ናት።

በዚያው ሳምንት የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። ስሙ "ኦሌስኬሉሉፓ" ይባላል፤ ፈቃዱን ከማግኘት ስሙን መጥራት ይከብዳል። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ቅጹን አየች።

"የሥራ ውልሽ መጋቢት ላይ ያልቃል። ይታደሳል?"

"ጽሑፋችን ከታተመ ይታደሳል።"

"ይታተማል?"

"እውነት ከሆነ።"

"እውነት ነው?"

"አላውቅም።"

ቅጹን አገላበጠችው። "ለዚህ ቦታ የለውም። አዎ ወይም አይደለም ነው።"

"እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሞላሉ?"

"እኔ የሌላ ሰው ቅጽ አልሞላም" አለችና ቀጣዩን ጠራች። ባዶ ትቼው ወጣሁ።

ሰኞ ሄጄ ፔካ ፊት ቆምኩ። በዚያ ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የጠራሁት። "ፔካ፣ ሽቦዋን ማሞቅ አለብን።"

"ብትሞትስ?"

"ትሞታለች።"

"ሌሎች ቡድኖች በአንድ ሽቦ ጽፈዋል። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ይህን ላይጠይቁ ይችላሉ። ውልሽንም አስቢ።"

"ገምጋሚ ባይጠይቅ እኔ እጠይቃለሁ። እስከመጨረሻው ስጠረጥራት ልኖር ነው?"

ክፉ ሰው አይደለም ፔካ። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገ። "የመጀመሪያው ስም ያንቺ ነው" አለ በመጨረሻ። "አንቺ ወስኚ።"

ማቀዝቀዣውን በእጄ አጠፋሁት። የሙቀቱ ቁጥር ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሻይ እንኳ ልጠጣ አልተነሳሁም። ሁለት ቀን አሞቅናት፣ ሁለት ቀን አቀዘቀዝናት። ዓርብ ከምሳ በኋላ ኤሌክትሪኩን ለቀቅኩ። መስመሩ ዜሮ ላይ ተኛ። በሩን አሰፋሁ፣ ዜሮ። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ሰካሁ፣ የላይኛውን፣ የታችኛውን፣ ዜሮ። አውጥተን በማጉያ ስናያት አንዱ ጫፏ ከመዳረሻው ተገንጥሏል። እንግዲህ ግማሹ እውነት ይሁን ቆሻሻ፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው የለም። ፔካ "ኖ ኒን" አለ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ዘጋሁና አለቀስኩ። ጽሑፉን ራሴ አስቀረሁት። ፔካም አልተከራከረኝም።

እሑድ ሚዛን ከጸሎት ቤት ተመልሰው ምሳ የሚበሉበትን ሰዓት ጠብቄ ደወልኩ። እማዬ ድምፄን ሰምታ "ምነው፣ አሞሻል?" አለችና ሳልመልስላት ስልኩን ለአባዬ ሰጠችው።

"ወረቀቱ ታተመ?"

"አልታተመም አባዬ። ወደፊትም አይታተምም።"

ሁሉን ነገርኩት። የመናኸሪያውን በር እያስታወስኩት፣ አንድ ተኩል ረድፍ መገኘቱን፣ መጠራጠሬን፣ ማሞቄን፣ መበጠሷን። አላቋረጠኝም።

"ማንም ሳያዝሽ ነው ያሞቅሽው?" አለ።

"ማንም አላዘዘኝም።"

"ባታሞቂያት ይታተም ነበር?"

"ሳይታተም አይቀርም ነበር።"

"ስሜም ይወጣ ነበር?"

"ይወጣ ነበር አባዬ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ለእማዬ በቤንችኛ አንድ ነገር አላት፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። "እንዲህ ከሆነስ በእርግጥ ትምህርት ላይ ነሽ።"

"ምን አልክ?"

"ሰው ቤት ብትሆኚ ታተመ ትይኝ ነበራ። አንዱን ወረቀት አሠርተሽ ትልኪልኝ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ኬላ ላይ ስቆም፣ ሳልጠይቀው ወርዶ 'ጭነቴ ጉድለት አለው' ያለኝ ሾፌር አንድም አልገጠመኝም። አምኜሻለሁ።"

አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ተንሰቀሰቅኩ። ወደ ጆሮዬ ስመልሰው አባዬ ሌላ ወሬ ውስጥ ገብቷል። ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ አስተማሪ አጥቶ ልጆቹ ባዶ እንደሚቀመጡ፣ እማዬ ክፍሌን ቀለም እንዳስቀባች፣ ሚዛን መንገዱ እንደተሻሻለ። "ፈቃድሽን ከከለከሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ። ገና መልስ አልሰጡኝም አልኩት። "ቢከለክሉሽም ችግር የለም" አለና ተሰናበተኝ፣ ዘጋው።

መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። በረዶው ድምፁን አጥፍቶ ይወርዳል። ደስታዬ አንድ ሻይ አፍልቼ እስክጠጣ እንኳ አልቆየም። አስተማሪ ጠፋ፣ ክፍሉ ተቀባ፣ መንገዱ ተሻሻለ። አባዬን አውቀዋለሁ፤ በሕይወቱ ሰው ሳይፈትሽ አሳልፎ አያውቅም። በእርግጥ አምኖኝ ነው ወይስ ሆዴን አባብቶ ሊመልሰኝ? ሲኒዬን አስቀምጬ እንደገና ደወልኩ፤ ራሱ አነሳው።

"አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። አምነኸኝ ነው ወይስ እንድመለስ ብለህ ነው?"

ሳቁን ከሰማሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሳቀ።

"መጥተሽ አጣሪ" አለኝ።